ቁጥርና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ይህ የምጽፈው ነገር የደረሰው ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነትና ኋላም በኃላፊነት አገልግያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጄ የገባ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ይህን ሲመሰክርልኝ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ አልክድም። ነገር ግን አንድ ወረቀት አለ። አልጠፋም፤ በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። እንዲያ ተቀምጦ ሳለ ታላቅ እህቴን አጣሁ። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣውም ስለዚህ ነው።

እህቴ አስካለ ትባላለች፤ እኔ እትዬ ነበር የምላት። የምትኖረው አንኮበር ወረዳ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። እናታችን ገና በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ እርሷ ናት። የበግ ፀጉር እየነደፈች፣ በእንዝርት እየፈተለች፣ ክሩን ባና የሚባለውን የፀጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ እያቀረበች ትምህርት ቤት አዋለችኝ። እርሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። «የእኔንም ድርሻ አንተ ተምረህልኛል» ትለኝ ነበር።

ደረቷ ማፏጨት ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። ዳገት ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ትቆማለች። ውርጭ በሚወርድበት ወር ጋደም ማለት ያቅታትና ቁጭ ብላ ታነጋለች። በመንደሩ ይህ ሕመም «ብርድ» ይባላል። በዚያ አፋፍ ደግሞ ብርድ ያልመታው ሰው ስለሌለ ማንም ሐኪም ቤት አይሄድበትም። ቤቱ ነፋስ እንዳይገባበት ተብሎ መስኮት የለውም። ኩበቱ የሚጨሰው፣ ፀጉሩም የሚነደፈው በዚያው ውስጥ ነው።

ጡረታ ስወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ እርሷን ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ማስመርመር ሆነ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «አስም ነው» አለ። መድኃኒት እስኪሰጠን በተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ እርሷ የሚያፏጩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እትዬ ዞር ዞር ብላ አየቻቸው።

«ይኼ ሁሉ ሰው እንደኔ ያፏጫል እንዴ? እንግዲያማ በየወሩ ማኅበር እንጠጣ!» አለች።

ወንበሩ በሙሉ ሳቀ። የሳቁትም ሁሉ ወዲያው ሳል ያዛቸው።

በአፍ የሚሳቡ ሁለት መድኃኒቶች ተሰጧት፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አስረዳችን። ሰማያዊው ትንፋሽ ሲያጥራት ቶሎ የሚያሳርፋት መሆኑን በሚገባ ሰማሁ። ስለ ቡናማው ስትናገር ግን እኔ የምርመራ ወረቀቶቹን በየቀናቸው እያስተካከልሁ ነበር። «ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው» ያለችው ብቻ በጆሮዬ ቀረ። ደግሜ ልጠይቃት እችል ነበር። ነገር ግን እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

እኔ ትልቅ ነገር ይቀመጣል እንጂ በየዕለቱ አይነካካም ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። በመዝገብ ቤትም ዋጋ ያለው ሰነድ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። በአገራችንም ቢሆን ደኅና ልብስና ደኅና ማር ለክፉ ቀን ወይም ለክቡር እንግዳ ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ደኅና ውላ ያደረች ሴት መድኃኒት ብትስብ ማባከን መሰለኝ።

ቤት እንደገባን ነጭ ወረቀት አወጣሁ። ባልደረቦቼ በሚያደንቁልኝ የእጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ሰማያዊው፣ ትንፋሽ ሲያጥር። ቡናማው፣ ሕመሙ እጅግ ሲጸናና ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ።» ከግርጌው ቀኑን አስፍሬ ፈረምሁበት።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

አነበብሁላት።

«አንተ ከጻፍኸው አለቀ» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው በመንደሩ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር ትዕግሥት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች።

«ጋሼ፣ ከእማማ አስካለ ቤት ነው የምደውለው። ቡናማው መድኃኒት ገና አልተከፈተም እኮ። እሱ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ የሚሳብ ነው። ባያማቸውም።»

«ልጄ፣ ያላመመው ሰው ምን ሊያደርግ መድኃኒት ይስባል?»

«እንዳያማቸው ነዋ፣ ጋሼ!»

ከኋላዋ የእህቴ ድምፅ ይሰማኛል። «ተይው አንቺ ልጅ! እሱ የመንግሥት ሰው ነው፤ ሳያውቅ አይጽፍም!»

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቅ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ የልጅቱ ነገር በጆሮዬ የገባ ቢሆን እንኳ ያ ቃል አስወጣው። «እንግዲያው ነገሩን በጽሑፍ አድርጊልኝ፤ አየዋለሁ» አልኋት። ይህ በሥራ ዘመኔ ሰውን በትሕትና ለማሰናበት የምጠቀምበት አነጋገር ነው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ከተባለ አይመለስም።

ትዕግሥት ግን ጻፈች። በሳምንቱ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ዓለሙ መናኸሪያ አስጠርቶኝ ደብዳቤውን በእጄ ሰጠኝ። ዓለሙ የመንደሩን አደራ ሁሉ የሚያደርስ ሰው ነው። ለተማሪ ልጅ ስንቅ፣ ለታማሚ መድኃኒት፣ ለዘመድ መልእክት በእርሱ መኪና ይጓዛል።

ደብዳቤው ከደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ የተጻፈ ነበር። ቡናማው መድኃኒት የደረትን እብጠት ቀስ በቀስ የሚያበርድ በመሆኑ ሳይቋረጥ መወሰድ እንዳለበት ይገልጻል። እህቴ ሰማያዊውን ብቻ ደጋግማ እየሳበች ሊያልቅባት መድረሱን ይናገራል። ፀጉሩ ውጭ፣ አየር ላይ እንዲነደፍ፣ ለጭሱም መውጫ እንዲከፈትለት ይለምናል። መጨረሻው ላይ «ጋሼ፣ እርስዎን ብቻ ነው የሚሰሙት» የሚል ቃል አለ።

ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ማኅተም የለውም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነበር።

ሆኖም አልጣልሁትም። ወረቀት የምጥል ሰው አይደለሁም። የሐኪሙ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና «በዚያን ቀን አጣርቼ አስተካክለዋለሁ» ብዬ «ውሳኔ የሚጠብቁ» ከሚል ማኅደር ውስጥ አስገባሁት።

ቀጠሮው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዓለሙ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እማማ አስካለ ጸንቶባቸዋል። ውርጩ ከብዶ ስለነበር በር ዘግተው ፀጉር ሲነድፉ ነው አሉ። ሰማያዊው አልቋል። የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ እስከ መንገድ አደረሷቸው፤ ይዣቸው እየመጣሁ ነው።»

«ቡናማውስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ጉሙ ከባድ ስለሆነ ቶሎ መንዳት አልቻልሁም። እርስዎ በር ላይ ይጠብቁኝ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምሁ። ባለ ጎማ ወንበር አስመጣሁ። ስሟንና ዕድሜዋን በወረቀት ጽፌ ያዝሁ፤ ሲደርሱ በምዝገባ ጊዜ እንዳይጠፋ ብዬ። ከአንኮበር አቅጣጫ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያየሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ» አለ ዓለሙ። «ተመልሰናል።»

ለምን ተመለሳችሁ ልለው አፌን ከፈትሁ። ቃሉ ሳይወጣ ገባኝ።

ወደ መንደሩ ሄድሁ። ለመገነዣ ያስቀመጠችው ነጠላ ሣጥኗ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትተው ሰጡኝና ራሴ ከፈትሁት። ቡናማው መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ በነጠላው እጥፋት መካከል ተቀምጧል። የተጠቀለለበት ወረቀት የእኔ ነው። ጽሕፈቱ ምንም አልደበዘዘም።

በኋላ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። በዚያች ሰዓት ሣጥኑ ተከፍቶ ቢሰጣት ኖሮ ትድን ነበር ወይ አልሁት። «ለዚያች ሰዓትስ አይደርስም» አለኝ። «የሚጠቅመው ከዚያች ሰዓት በፊት ባሉት ቀኖች ነበር።» እነዚያ ቀኖች ሁሉ በእኔ ፊርማ ተቆልፈው ነበር።

በሣልስቱ፣ ሕዝቡ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ትዕግሥት ዓይኗ በልቅሶ አብጦ አጠገቤ መጥታ ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤዬ ደርሶዎት ነበር?»

አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የደረሰኝን ወረቀት አልደረሰኝም ብዬ አላውቅም።

«አልደረሰኝም» አልሁ።

ትዕግሥት ቀና ስትል ዓለሙ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ አግዳሚ እየደረደረ ነበር።

«አንተ አደራ በላ!» አለችው። «ነፍስ ነበረችበት እኮ! ምን አደረግኸው?»

ዓለሙ እርሷን አላያትም። እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ወድቆብኝ ይሆናል።»

አግዳሚውን አስተካክሎ ወጣ።

ወሬው በአንድ ሳምንት አገሩን አዳረሰው። ሰው በዓለሙ መኪና መሳፈሩን ባይተውም፣ አደራ ግን አልሰጥ አለው። ለልጇ ስንቅ የምትልክ እናት ዕቃዋን ታቅፋ ሌላ መኪና ትጠብቅ ጀመር። ይህን የሰማሁት ደብረ ብርሃን ነው። በሰማሁ ቁጥር ያንን ማኅደር አወጣለሁ፤ ደብዳቤውን አነባለሁ፤ መልሼ አስቀምጣለሁ።

የአርባዋ ዕለት ጠዋት የተሳፈርሁት በእርሱው ሚኒባስ ነው፤ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። መንገዱ ሲጋመስ መናገር ቻልሁ።

«ዓለሙ፣ የዚያን ዕለት ለምን ዝም አልህ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «ሐዘንተኛ አይሞገትም፣ ጋሼ» አለኝ።

ጥቂት እንደሄድን ከአንድ የባሕር ዛፍ ጥግ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። እትዬን ይዘው የተመለሱበት ቦታ ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ የእድሩ አባላት እንደተሰበሰቡ፣ አንድ ቃል እንዲፈቀድልኝ ዳኛውን ለመንሁ። ቆሜ ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። «እርስዎን ብቻ ነው የሚሰሙት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

«ይህን ደብዳቤ ዓለሙ በእጄ ሰጥቶኛል» አልሁ። «ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። ማኅተም የለውም ብዬ አስቀመጥሁት። እህቴ ቡናማውን መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የቆለፈችው እኔ በጻፍሁላት ወረቀት ምክንያት ነው። በሣልስቱ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዓለሙ አደራ አልበላም።»

ሰው ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ቃሬዛችን ሁለት ነው፤ ድንኳናችን ትልቅ ነው» አሉ። «ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሰበሰብ አገር ያውቀዋል። አስካለ ጎረቤቴ ነበረች። ደረቷ ሲያፏጭ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። አንድ ቀን ገብቼ ምን ሆንሽ አላልኋትም። ጥፋቱን ብቻህን አትውሰደው፤ የእኛም ድርሻ አለበት።»

ትዕግሥት ዓለሙ ዘንድ ሄዳ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዛት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አሁን እዚህ ተቀምጬ የሚያፏጭ ደረት ይሰማኛል» አለች። «እስቲ ብርድ ነው ብላችሁ የተቀመጣችሁ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ አንዲት ሴት አወጣች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ እያፈሩ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ እጆች ተነሡ። ብዙዎቹ ጎረቤታሞች ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ሕመም አያውቅም ነበር። እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የቀለደችው ትዝ አለኝ። ማኅበሩ እዚሁ ኖሯል፤ የጎደለችው እርሷ ናት።

በዚያ ቀን የተወሰነው ብዙ አይደለም። በየቤቱ ያሉት ሕሙማን ይመዘገባሉ። እያንዳንዱ ጎረቤት ለጎረቤቱ ተጠያቂ ይሆናል። ፀጉር ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አይነደፍም። የእድሩ ወጣቶች እየዞሩ ለጭስ መውጫ ይከፍታሉ። መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ማምጣት ለዓለሙ ተሰጠ፤ እጁን ዘርግቶ «አደራውን ተቀብያለሁ» ሲል ሰዉ አጨበጨበለት። ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ለቀብር የሚጠራው የእድሩ ለፋፊ በየመንደሩ እየዞረ እንዲያሳስብ ሐሳብ ቀረበ። ይህን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከኋላ ጮኹ።

«ጥሩምባውን ግን ቤቱ ይተወው! አስሙ ሳይሆን ድንጋጤው ይጨርሰናል!»

በዚያ ቤት ከአርባ ቀን በኋላ የተሰማው የመጀመሪያ ሳቅ ይህ ነው።

መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በየወሩ እሄዳለሁ። አሁን ለማንም ወረቀት አልጽፍም፤ አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም፤ የሚችለውም ቢሆን ወረቀት ያስቀምጣል። ቡናማው መድኃኒት አንገቱ ላይ ከጥቁር በግ ፀጉር የተፈተለ ክር ታስሮለት፣ ጠዋትና ማታ ከሣጥን ሳይሆን በር ላይ ካለው ምሰሶ ይወርዳል። ክሩ ከእትዬ የተረፈ ነው። በየቤቱ እየቆረጥሁ ስሰጥ ልቃቂቱ አነሰ፤ ሲያልቅ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሰዎች ይመርቁኛል። «ለእህትህ ነፍስ ይሁን» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ነገር ግን የሠራሁት ሁሉ እትዬ በሕይወት ሳለች በአንድ የስልክ ጥሪ ሊሆን የሚችል ነበር። ይህን ሐሳብ ጠዋት ስነሣ አገኘዋለሁ፤ ስተኛም አብሮኝ ነው።

የትዕግሥትን ደብዳቤ የመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ አያይዤዋለሁ። እንደ ደንቡ ቁጥር ሰጠሁት። የደረሰኝንም ቀን፣ ከመናኸሪያው የተቀበልሁበትን እውነተኛውን ቀን ጽፌ ፈረምሁበት። ከሥሩ «የተወሰደ እርምጃ» የሚል መሥመር አለ። ሌሎቹ ገጾች ላይ ያ መሥመር ተሞልቷል፤ መድኃኒት ደርሷል፣ መስኮት ተከፍቷል፣ ደኅና ናቸው እያልሁ እጽፍበታለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። እስከ ዛሬ ባዶ ነው።